የወይራዎቹ ግምት

ታፈረ በላሊበላ የቀበሌው ንብረት ገማች ነበር። ቤት የሚፈርስበት ወይም አጥሩ የሚነሳበት ሰው ሲኖር ሜትሩን ይዞ ይሄዳል፤ ለክቶ ዋጋውን ይጽፋል። ዝምተኛ ነው፤ በሥራው ግን ማንም አያማውም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሊቀ መንበሩ የሻው አስጠራው። ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ቆርቆሮ ጎድሎ ስለነበር በገበያው መንገድ ዳር ያሉት ስምንት ወይራዎች ተቆርጠው ሊሸጡ ታስቧል።

«ግንዱን ለካና ስንት እንደሚያወጡ ጻፍልኝ፣ ጓድ ታፈረ።»

ቅዳሜ ጠዋት እህል ተራ ያሉትን ሦስቱን ለክቶ ወደ ቅቤ ተራ ወረደ። አራተኛው ወይራ ሥር ከገነተ ማርያም የመጡ እማማ ገለቴ የሚባሉ ሴት ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ተቀምጠዋል።

«ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ እማማ፤ ግንዱን ልለካ።»

«ወዴት ልበል ልጄ? ከጥላው ከወጣሁ እኮ ቅቤው ውሃ ይሆንብኛል። ያን ጊዜ በግማሽ ዋጋም የሚወስድልኝ የለ።»

ታፈረ ሜትሩን ጠቀለለ። ገበያው እስኪፈታ እዚያው ዋለ። ሻጮቹን ቆጠረ፤ ጥላ ላይ ስንት፣ ፀሐይ ላይ ስንት እንደሚሸጡ አንድ በአንድ ጠየቀ። ልዩነቱን በዓመቱ ቅዳሜዎች ሲያባዛው ከእንጨቱ ዋጋ አራት እጥፍ ሆነ።

የሻው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥላም ዋጋ አለው እንዴ?»

«አለው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። እኛ እንጨቱን የምንሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እነሱ ግን በየሳምንቱ ይከስራሉ።»

«ቆርቆሮውስ?»

ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ የቅቤ ተራዎቹ አምስቱ እንዲቀሩ፣ የእህል ተራዎቹ ሦስቱ እንዲቆረጡ ተወሰነ። ለሦስቱ ጥላ ዝቅተኛ ግምት የጻፈው ራሱ ታፈረ ነበር፤ እህል አይቀልጥም ብሎ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ገለቴ «ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁት። ደስ ብሎት ወደ እህል ተራ ሲወጣ አባባ አረጋ የሚባሉ ገብስ ሻጭ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ጥለው ከተቆረጠው ወይራ ጉቶ አጠገብ ተቀምጠዋል። ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ? እህሉ ደህና ነው?»

«እህሉማ ምን ይሆናል? የምቃጠለው እኔ ነኝ እንጂ።»

ታፈረ ሽማግሌውን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ክረምት ሲገባ ሦስት የወይራ ችግኝ አምጥቶ ከጉቶዎቹ ጎን ተከለ። ሁለቱ በበጋ ደረቁ። አንዱን በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ እያመላለሰ፣ ፍየል እንዳይበላበት በእሾህ አጥሮ አጸደቀው። ወይራ ግን ቶሎ አያድግም፤ አባባ አረጋ ደክሟቸው ገበያ መውጣት ሲተዉ ገና ከታፈረ ወገብ አላለፈም ነበር።