የእትዬ ልክ

ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ! ምሳ ሲበላም፣ ከጎረቤት ሲጨቃጨቅም እንደተንጠለጠለ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ያልተገራ። ደንበኛው ገና ከበር ሲገባ ወገቡን በዓይኑ ለክቶ «ወፍረሃል፣ ዕወቀው» ይለዋል።

በእሱ ዓይን ወፍራ የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፦ ታላቅ እህቱ። እትዬ ነው የሚላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አግብታ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ እሱ ሙያውን ገና መልመዱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀሚስ የሰፋው ለእሷ ነው፤ ወገቧ ስልሳ አራት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አንድ ቀሚስ በዚያው ልክ ሰፍቶ ይልክላታል። እሷም ደውላ «ልክክ ብሎኛል፣ እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። ፎቶ ስትልክ ከአንገቷ በላይ ብቻ ነው። የሰውን ሁሉ ሆድ በዓይኑ የሚለካ ሰውዬ፣ እህቱ ሦስት ልጅ መውለዷን እያወቀ፣ አሁንም ስልሳ አራት! ጉድ እኮ ነው።

እትዬ ሞተች። ልጇ ደውላ ስትነግረው ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር፤ መታመሟንም አልሰማም። አላለቀሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ብቻ ለሚያውቃት እህት እንዴት እንደሚለቀስ ጠፋው። አንድ ነገር ብቻ ሌት ተቀን ከነከነው፦ «ቀሚሶቼን ለብሳቸው ይሆን? ወይስ እንዳይከፋኝ ብላ ነው የምታመሰግነኝ?»

በወሩ ከእህቱ ልጅ ሻንጣ መጣ። ቀሚሶቹ ናቸው፣ አንዱም ሳይቀር። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸው። ክርናቸው ሳስቷል፣ አንገታቸው ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል።

«ለብሳቸዋለች!» ብሎ ሲጮኽ ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

አንዱን አንስቶ እንደ ልማዱ ወገቡን ለካ። ሰባ ስምንት። ደግሞ ለካ። ሰባ ስምንት! ገለበጠው። ከብብቱ ጀምሮ በግራና በቀኝ አራት ጣት የሚሰፋ ጨርቅ ገብቶበታል። እሱ ከታች ሰፊ እጥፋት ይተዋል፤ ያንን ቆርጣ፣ ጎኑን ተርትራ፣ በእጇ ሰፍታዋለች። ከውጭ ሲያዩት ግን ስፌቱ አይታይም። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣ በጥፍሩ ዳበሰው። ከሠላሳ ዓመት በላይ መርፌ የያዘ ሰው አንዲት ክር ማግኘት አቃተው።

«የፈጣሪ ያለህ! ይሄ የሰው እጅ ነው? እኔ እኮ መርፌ ይዛ አይቻት አላውቅም!»

«አንተ ጠቢቡ» አለች ሚስቱ፣ «አንዴ ልክሽን ላኪልኝ ብትላት ምን ነበረበት?»

«ለእኔ ያቺው የድሮዋ ነበረቻ!»

በየዓመታቸው ደርድሮ ይለካቸው ጀመር። «ስልሳ ስምንት። ይኸው፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያዋን ወልዳለች። ሰባ ስምንት። ሰማንያ ስድስት… ኧረ እትዬ!» ያላያት እህቱ ጠረጴዛው ላይ ሦስቴ ስትወልድ፣ ስትደላደል፣ ስታረጅ አያት። ከዚያ ሰባ አምስት። ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ።

የዘንድሮውን አነሳ። ገለበጠው። መርፌ አልነካውም፤ የራሱ የመኪና ስፌት ብቻ ነው፣ ስልሳ አራት።

«ይሄን ሳትለብሰው ሞተች» አለ፤ ወዲያው ለእህቱ ልጅ ደወለ።

«እሱንማ ሁለት ወር ሙሉ ከላይዋ አላወረደችውም፣ አጎቴ» አለችው። «በሽታው ጨርሷት ነበር። ‹እሰይ፣ የወንድሜ ልክ ሆንኩለት፣ ዘንድሮ መርፌ አልፈልግም› እያለች ትስቅ ነበር።»

ትዝ አለው። ዘንድሮም እንደ ወትሮዋ ደውላ «ልክክ ብሎኛል» ብላዋለች። ጋሽ ሜትር ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳይል ጮኾ አለቀሰ።