ሰላምታ የማይመልሰው አላርም

የዛሬ ሳምንት እሁድ ከቸርች መልስ ሳሎናችን ውስጥ ችሎት ተቀመጠ። ተከሳሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል... አዲሱ የአላርም ኪፓድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ሌባ ከገባበት ወዲህ እኛና ሁለት ጎረቤቶቻችን ከአንድ ሻጭ አላርም ገዝተን አስገጠምን። በር ከፍተህ ቶሎ ኪፓዱ ላይ ኮድ ካልመታህ የሶዶን ከተማ በሙሉ ይቀሰቅሳል። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አሮጌዎቹን አቃጠላቸውና ሻጩ በአዲስ ሞዴል ቀየረልን። አዲሱ ቀጭን ነው፣ ያምራል... ግን አይናገርም። መክደኛም የለውም።

አሮጌው ይናገር ነበር። በሩ በተነካ ቁጥር አንዲት ፈረንጅ ሴት «ፍሮንት ዶር ኦፕን!» ትላለች፣ እስከ ጓሮ ይሰማል። አባባ (አያቴ ናቸው፣ የቸርች ሽማግሌ) ምን እንደምትል ባያውቁም፣ ደጅ ላይ ያናገረህን ሳትመልስ ማለፍ ነውር ነው ብለው ቆመው ከወላይትኛው ሰላምታ ጀምረው ይመልሱላታል።

«ሳሮ፣ ሳሮ! ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ?»

ከብቱ ላይ ሲደርሱ ሳይረኑ ይጮኻል። ሁልጊዜ ከብቱ ላይ!

እኔ ግን አዲሱ ሲገጠም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ያቺ ፈረንጅ ስንቴ አስይዛኛለች! ቱቶሪያል ነኝ ብዬ ፕሌይስቴሽን ቤት አምሽቼ በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ስገባ፣ እሷ እንደ ቸርች ማስታወቂያ ታውጅብኛለች። አዲሱ ከመጣ ወዲህ ነፃ ሰው ሆኛለሁ።

አሁን በአባባና በጎረቤቶቻችን አቤቱታ የተጠራው ሻጭ አሮጌውን ሞዴል በካርቶን ይዞ ሶፋችን ላይ ላቡን ይጠርጋል። ሽማግሌዎቹ «ይቀየር» ካሉ ዛሬውኑ ይቀይረዋል... የእኔም ነፃነት እዚያው ያበቃል።

መጀመሪያ የተናገረችው ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ናት።

«መክደኛውን ምን በላው? ኮዴን የት ልጻፍ?»

ሻጩ ደነገጠ። «ኮዱን... መክደኛው ውስጥ ነበር እንዴ የሚጽፉት?»

«ታዲያ! ሌባ ቆሞ መክደኛ ከፍቶ ያነባል?»

ማንም አልሳቀም። እኔ የሶፋውን ትራስ ነከስኩ።

ቀጥለው ቲቸር ማርቆስ ተነሡ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። «እኔ የማዝነው ለአክሰንቱ ነው። ባለቤቴ ስንት ወር ከሴትዮዋ ጋር ፕራክቲስ ስታደርግ ቆይታ፣ ልክ ሲይዝላት አቋረጡባት!»

በመጨረሻ አባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ።

«በእኛ ደንብ እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲጣራ መልስ ያገኛል። እኔ በየቀኑ ሰላም እለዋለሁ፣ ይሄ ዝም! ሰላምታ የማይመልስ ምን ይባላል? ባለጌ ይባላል። ይነቀል።»

ሻጩ ካቻቢቴውን አወጣ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባባ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ጥሬ ሥጋና ጨው ከልክሏቸዋል፤ እናቴ ደግሞ ከሐኪሙ ትብሳለች። በዋዜማው ቅዳሜ ግን ከፕሌይስቴሽን ቤቱ መስኮት ወደ ማዶ ሥጋ ቤት ሳይ... አንድ የማውቀው ባርኔጣ! ከባርኔጣው ሥር ቢላዋ፣ የሚያብረቀርቅ ቁርጥ፣ እና ሽታው ብቻ የሚያስነጥስ የቃሪያ ዳጣ።

ተነሣሁ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ተናገር ልጄ።»

«ሴትዮዋ ብትመለስ ጥሩ ነው። ሰው ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ትናገራለች። ለምሳሌ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እማዬ ጋደም ስትል... አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢወጣ ቀስቅሳ ትነግራታለች። አይደል?»

እናቴ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ቅዳሜ ማን ነው የሚወጣው?»

«ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ እማዬ።»

አባባ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ... ረጅም ጠረጋ ነበር።

«ቆይ አንተ» አሉ ለሻጩ። «ነገር ተገላብጦ ይታያል። እንግዳ የሚቀበለው ሰው ነው። እኛ በሕይወት እያለን ግድግዳ ምን አግብቶት ያወራል? የሰውን መውጣት መግባት ለሰፈር የሚያሰማ... እሱ ነው ባለጌ! የተከበረ ቤት ዝም ይላል።»

ሻጩ ግራ ገባው። «አባቴ፣ አሁን ይነቀል ብለውኝ...»

«ሽማግሌ ተናግሯል!»

ቲቸር ማርቆስ «አግሪድ» ብለው ተቀመጡ። ለእትዬ አስቴር ከዘይት ጀሪካን መክደኛ ቆርጬ ልሠራላት ቃል ገባሁ፣ እሷም ኮዱን ውስጡ ላትጽፍ ቃል ገባች። ሰኞ ሳየው ጽፋዋለች። ካቻቢቴው ግን ወደ ኪስ ተመለሰ፣ ካርቶኑም በመጣበት ባጃጅ ሄደ። እኔ የዚያን ቀን ምሳዬን እንደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ቀና ብዬ ነው የበላሁት።

ትናንት ቅዳሜ ከፕሌይስቴሽን ቤት ስመለስ በራችን ላይ ከአባባ ጋር ተገጣጠምን።

«ከቱቶሪያል ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። እርስዎስ?»

«አንድ የታመመ ወንድም ጠይቄ።» ትንፋሻቸው ዳጣ ዳጣ ይላል። ቁልፉን እያዞሩ ጨመሩልኝ... «ፕሌይስቴሽን ቤቱ ፊት ለፊት ነው የሚኖረው።»

ገባን። አባባ በዚህኛው ጊዜ ስለ ከብት ሳይጠይቁ ኮዱን መቱ። ኪፓዱ ሁለታችንንም በአረንጓዴ መብራቱ አንዴ ጠቀሰን፣ ትንፍሽ ግን አላለም... ጨዋ!