ቤቴ ስገባ ጠይቁኝ

የያዙኝ የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ነው፤ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር። ለአንድ የባጃጅ ሾፌር የፍሬን ሸራ እየመረጥኩለት ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው ስሜን ጠራ። አቤት ስል የፍሬን ሸራውን ከእጄ ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ያስፈራኝ ያ ቀስታው ነው። ቢያመናጭቀኝ ኖሮ እኔም አፍ አላጣም ነበር።

"ለጥያቄ ነው፣ ትመለሻለሽ" አለኝ።

ያስያዘኝ አፌ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ጫካ የገቡት ልጆች እውነት ይዘዋል፤ አንድም ቦታ አልተሳሳቱም፣ አይሳሳቱምም ብዬ ተናግሬ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን አምልጦኝ አልነበረም፤ አምኜበት ነው። ማመን ስጀምር እንደ ብሎን ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ጥብቅ ካላልኩ አይሆንልኝም።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መንገድ ተዘግቶበት አፋር፣ ሎጊያ ላይ ቆሞ ነበር። ቤት ያለችው ገና ፊደል መቁጠር የጀመረች ልጃችን ብቻ ናት። የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤቴ እንድሰጥ ፈቀዱልኝና "ልጅቷን" አልኳት። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

የጫኑኝ ፒክአፕ ሲነሳ ቺንጋው፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ጮኸ። የላላ ቺንጋ ሲነሳ የሚያወጣው ቀጭን፣ ረዥም ጩኸት አለ፤ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። መለወጫው እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ሳስብ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ድምፅ ስቄ አላውቅም።

ያስገቡኝ ወልድያ ዳር ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ወጥቶ ትቢያው ቀርቷል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ የማሽላ ብናኝ ሽታ ነው፤ ከዚያ የሰው ላብ፤ ከዚያ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ነቀዝ በአንገታችን ላይ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ማንም አይናገርም፤ ትንፋሽ ይቆጠባል። ግን የሚከብደው ጠዋቱ ነበር። ጠዋት ያ ፒክአፕ ይመጣል። ቺንጋው ገና ከሩቅ ሲጮህ ሁላችንም እንነሳና ነጠላችንን እናስተካክላለን፤ የት እንደምንሄድ ሳናውቅ። ስም ይጠራል። ከተጠሩት አንዳንዶቹ ማታ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ አይመለሱም። ቆላ ካምፕ ተላኩ ይባላል። ቆላ ካምፕ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከጎኔ የሚተኙት ግራና ከምትባለው የቆላ ከተማ የመጡ አሮጊት ነበሩ። እስላም ናቸው፤ ቀጭን፣ ጥርሳቸው ያልረገፈ፣ በአንድ ጣሳ ውሃ ውዱእ አድርገው የሚተርፋቸውን ለእኔ የሚሰጡ። የታሰሩት ልጃቸው ጫካ ስለገባ ነው። እኔ ይህን ስሰማ የጀግና እናት አጠገብ የተኛሁ መሰለኝና ላጽናናቸው ፈለግሁ።

"እማማ፣ አይዘኑ። ልጅዎ ያሸንፋል" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ጠላቱን ነዋ።"

አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። "ታላቅ ወንድሙ የመንግሥት ሚሊሻ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ሁለቱንም አንድ ማህፀን ነው የወለዳቸው፤ አሁን አንዱ ዳገቱ ላይ፣ አንዱ ኬላው ላይ ሆነው ይጠባበቃሉ። አሮጊቷ ማታ ማታ ዱአ ሲያደርጉ ለማን እንደሚለምኑ ማዳመጥ ጀመርኩ። ስም አይጠሩም። "ሁለቱንም ኸቤታቸው መልስልኝ" ብቻ ነው የሚሉት። ያ ስብሰባ ላይ ያጠበቅኩት ብሎን መላላት የጀመረው በዚህ ነው። ወደ አሳሪዎቼ ዞርኩ ማለቴ አይደለም። ብቻ፣ አይሳሳቱም የሚለውን ቃል ደግሞ ማለት አልሆነልኝም።

በየቀኑ ወደ አንድ አዳራሽ እየወሰዱ ያሰለጥኑን ነበር። ተሃድሶ ነው የሚሉት። አሰልጣኙ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሁሉንም ሰው እህቴ፣ ወንድሜ የሚል ሰው ነው። የስልጠናው ማብቂያ ዋዜማ ላይ አስጠራኝ። ለብቻዬ።

"እህቴ፣ ልጅ አለችሽ አይደል?"

"አለችኝ።"

"ነገ መድረክ ላይ ተነሺና፣ ተሳስቼ ነበር፣ አሁን ሐሳቤ ተለውጧል በይ። አጭር ነገር ነው። ማታ ከልጅሽ ጋር ትተኛለሽ።"

"ካልተለወጠስ?" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ፒክአፑ ዛፍ ስር ቆሟል። "መኪና አለ" አለኝ፤ እንደ ትራንስፖርት ችግር።

ስመለስ ሽንቴን መቋጠር አቅቶኝ ነበር። ሁሉንም ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። የሚገርመው፣ ሐሳቤ እውነትም ተለውጧል። ውሸት ተናገሪ ቢሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ወይ እዋሻለሁ ወይ እምቢ እላለሁ። እውነቱን ተናገሪ ነው ያሉኝ።

"ታዲያ ኸተለወጠ በያቸዋ" አሉኝ።

"እነሱ የለወጡኝ ይመስላቸዋል።"

"ይምሰላቸው።"

"ለእኔም እንደዚያ ይመስለኛል፣ እማማ። ቤቴ ገብቼ ጠዋት ስነቃ፣ ፈርቼ ይሁን አምኜ መለየት ያቅተኛል። ከዚያ በኋላ ምን አምኜ ልኖር?"

ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። የተኙ መስሎኝ ፊቴን ሳዞር መናገር ጀመሩ።

"እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ" አሉኝ። "የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነኝ። ማተብ ነበረኝ።"

ቆላ ወርደው ገበያ ላይ ያዩትን የግራና ልጅ ወደዱ። ቤቱ ገቡ። ሃይማኖቱንም ልያዝ አሉና ሼሁ ዘንድ ሄዱ። ሼሁ ግን አልሰማም አሏቸው።

"አሁን ያለሽው ኸሰው ቤት ነው አሉኝ። የምትበይው የሱን፣ የምትለብሽው የሱን። ዛሬ የምትይኝ ቃል ያንቺ ይሁን የእንጀራሽ በምን አውቃለሁ? ሂጂ፣ ኸአባትሽ ቤት ክረሚ። ማሽላው ሲታጨድ ኸዚያ ሆነሽ ኸፈለግሽ፣ ኸአባትሽ ደጅ ተነስተሽ ነይ።"

"አባትዎስ?"

"አባቴማ ማሰር ይችል ነበር። ወንድሞቼ እንሰራት ብለውት ነበር። አባቴ የበሩን መወርወሪያ አውልቆ እሳት ውስጥ ጣለው። ክረምቱን ሙሉ በሩ ሳይዘጋ አደረ። ጅብ ሊገባብን ነው ትላለች እናቴ። ይግባ ይላታል።"

ማሽላው ሲታጨድ ተነሱ። አባታቸው እስከ ምንጩ ድረስ ሸኟቸው። እዚያ ሲደርሱ፣ ማተብሽን አትበጥሺው፣ ፍቺና ስጪኝ አሏቸው። ፈተው ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል ወደ ደጋ ሲወጡ ወንድሞቻቸው እስላም ጎረቤት ጠርተው ለእሳቸው ለብቻ በግ ያሳርዱላቸዋል። አባታቸው ሲሞቱ ማተቡ ከኪሳቸው ተገኘ።

"ታዲያ እርግጠኛ ነዎት?" አልኳቸው።

"በየትኛው?"

"በአሁኑ።"

"ወላሂ፣ በሁለቱም እርግጠኛ ነበርኩ። ያኔም፣ አሁንም። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እንዴት ይለወጣል? የሚወላውልማ ኸቆመበት ንቅንቅ አይል።" ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። "አስረውኝ ቢሆን ኖሮ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ክርስቲያን ነበርኩ።"

በሳቅ ፈነዳሁ። ጠባቂው በሩን በእርግጫ መታው። አፌን በነጠላዬ አፈንኩ፤ ሳቁ ወደ ምን እንደተለወጠ አላውቅም፣ ነጠላዬ ረጥቦ አገኘሁት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው አለ። እየተጠራን አንድ በአንድ እንወጣለን። የወጣ ሁሉ ተሳስቼ ነበር፣ ተለውጫለሁ ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ወርዶ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። በቀኝ በኩል ያሉት ወደ ቤት ነው። በማንም አልፈረድኩም፤ እኔም እግሬ ወደዚያው ነበር የሚስበኝ።

አሮጊቷ ተጠሩ። ልጅዎን ያውግዙ ተባሉ። የእናት እርግማን እኛ አገር ቀልድ አይደለም።

"ልጄ ተሳስቷል" አሉ። "የሰው ልጅ ሁሉ ይሳሳታል። እኔም፣ እናንተም። አላህ ሁሉንም ኸቤቱ ይመልሰው። አሚን በሉ።"

አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ፤ ታሳሪውም፣ ጠባቂውም። አሰልጣኙ ራሱ አሚን ሲል ከንፈሩን አየሁት። እሳቸውን በቀኝ በኩል አስቀመጧቸው።

ከዚያ እኔ። ደረጃውን ወጥቼ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ልጄ ፊቴ ድቅን አለች። ቃሉ አፌ ውስጥ ነው፤ አጭር ነው፤ እውነትም ነው። ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነሳ። ቺንጋው ጮኸ።

"ሐሳቤ ተለውጦ እንደሆነ ቤቴ ስገባ ጠይቁኝ" አልኩ። "ቤቴ መርሳ ነው። የመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። እዚህ የምናገረው ግን የእኔ አይሆንም።"

ከኋላ አንዷ ልማድ ሆኖባት አጨበጨበች። ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። አሰልጣኙ አልተቆጣም። በጣቱ ወደ ግራ ጠቆመኝ።

ፒክአፑ ላይ ስንጫን እነ አሮጊቷ ወደ አውቶቡሱ እየሄዱ ነበር። ቆም ብለው መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉና "ኸቤትሽ ያግባሽ" አሉኝ። ጠባቂው ገፋ አደረጋቸው። ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ቆላ ካምፑን አላወራውም። ስመለስ ልጄ አላወቀችኝም፤ የጎረቤቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ያ ከካምፑ ይበልጥ ጎዳኝ። ያን ዕለት፣ ምናለ ብዬው መጥቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ዛሬም አንዳንዴ እላለሁ። ትክክል ነበርኩ ብሎ የሚነግረኝ የለም፤ እኔም ለራሴ አልነገርኩትም። ብቻ ጠዋት ስነቃ የማስበው ነገር የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሱቁን ከፈትኩ። ባሌም መጣ። ባለፈው፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጄ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ ያ ጩኸት ከአስፋልቱ መጣ። እጄ የያዝኩትን ጣለ። መኪናው ደጄ ላይ ቆመ። አሰልጣኙ ራሱ እየነዳ ነው። ሸሚዙ አልተተኮሰም።

"ቺንጋ አለ?" ብሎ ገባ። ከዚያ አየኝ። እሱም አወቀኝ።

ልመልሰው እችል ነበር፤ የለም ማለት ቀላል ነው። ቺንጋውን ከግድግዳው አወረድኩ። ከዚያ በርጩማ ሳብኩለት። እንግዳ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ።

"ያን ቀን የጠየቁኝን" አልኩት። "ተለውጧል። እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ እርስዎ ሳይጠይቁኝ በፊት ነው የተለወጠው። የአንድ እናት ልጆች እየተጋደሉ አንደኛው አይሳሳትም አልልም። ሁለታችሁንም አላምናችሁም። ይኸው ነው።"

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቺንጋውን በእጁ ያገላብጣል።

"እርስዎስ?" አልኩት። "የሚያስተምሩን ነገር፣ ያምኑበት ነበር?"

ወደ በሩ አየ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ድምፁን ከድሮውም ዝቅ አደረገ።

"እኔ ገና ቤቴ አልገባሁም" አለኝ።

ወጣ። አዲሱ ቺንጋ እጁ ላይ ነው፤ መኪናው ግን ሲነሳ እንደ ድሮው ጮኸ። ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር። ልጄ "እማዬ፣ ማነው?" አለችኝ። እንግዳ ነው አልኳት። ለእሱ የሳብኩት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩን ግን አልዘጋሁም።