ከዲላ ወደ ቡሌ የሚመጡ ካርቶኖች

ጓደኛዬ ሠዓሊ ናት። ዲላ ውስጥ ግን «ታፔላ ጻፊዋ» ነበር የሚሏት፤ የፀጉር ቤቱም፣ የጭማቂ ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም ታፔላ በእሷ እጅ ስለተሠራ። የተዋወቅነው መምህራን ኮሌጅ ነው። እኔ ተመርቄ ቡሌ ተመደብኩ። እሷ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ «ጠመኔ ያስለኛል፣ ቀለም ይሻለኛል» ብላ ትምህርቱን ተወችና አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች።

ስልክ እያላት ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር። የምትጽፈው በካርቶን ቁራጭ ላይ ሲሆን ከጀርባው ሁልጊዜ ሥዕል አለ። የሚያመጡልኝ የዲላ–ቡሌ መስመር ሹፌር የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ሰክተውት ይመጡና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዱን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«ሆዴ፣ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ማን እንደሚያቅፍሽ እንጃ። ዛሬ ለወፍጮ ቤት አህያ ስሥል ዓይኖቿ ያንቺን መሰሉብኝ። ባለቤቱ መጥቶ "አህያዋ ለምን አዘነች?" አለኝ። "ጓደኛዋ ቡሌ ሄዳባት ነው" አልኩት። አህያዋን ደግሞ አየና ከፈለኝ።»

ከዚያ አገባች። ሰውየው የቡና ደላላ ነው፤ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ቸርች መዘምራን ውስጥ ድምፁ ለብቻው የሚለይ። ሠርጋቸው ላይ እኔም ጨፍሬያለሁ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ይህ ካርቶን መጣ፦

«ሆዴ፣ ትላንት መታኝ። ቀኝ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ምክንያቱን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የአንድ ሆቴል ባለቤትን ፊት ለታፔላው ስሥል ብዙ አየሽው ነው የሚለኝ። ሳላየው እንዴት ልሣለው?»

ከጀርባው የራሷን ጆሮ ጥቅል ጎመን አሳክላ ሥላዋለች። አልሳቅኩም። ወዲያው ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነው። «ከእንግዲህ እዚህ ስልክ እንዳትደውይ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን በተረከዙ እንደሰባበረው በኋላ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ ዲላ ወረድኩ። ከንፈሯ አብጦ መናገር ከብዷት ነበር። የቸርች ሽማግሌዎችን ለምኜ አመጣሁ። ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ መከሩ። እሱ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ ትዳር ነው፤ ይቅር በይው» አሏት። እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ይቅር ብያለሁ» አለች። እንባውን ሲጠርግ እጁን አየሁት፤ የጣቶቹ አንጓ ቆዳ ተልጧል። እሷን የመታበት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት የአጥሩን ግንብ እንድትሥል ቀጠራት። መሰላል ላይ ሆና ስትሠራ ባሏ ከኋላዋ መጥቶ መሰላሉን በእግሩ መታው። ወደቀች። መንገዱ ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ብቻ ወርዶ አንገቱን ያዘው። ካርቶኑ ከሆስፒታል መጣ፦ «ሆዴ፣ በረርኩ። ያረፍኩት አረንጓዴ ቀለም ላይ ነው። ነርሷ ልብሴን ስትገልጥ አረንጓዴ አይታ ጮኸች። ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰብሯል። አትምጪ፤ ታስቂኛለሽ፣ ስስቅ ደግሞ ያመኛል።»

ሄድኩ። አብራኝ እንድትመጣ ለመንኳት።

«ሱቄን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። «ለምን እሱ አይሄድም?»

ልክ ነበረች። እሱ ግን አልሄደም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ጥሩምባው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተነፋ። ወጣሁ። ሹፌሩ ባዶ እጃቸውን ቆመዋል።

«ቲቸር፣ ዛሬ ደብዳቤ የለም» አሉኝ። «ራሷን ነው ያመጣኋት።»

የኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ቀኝ እጇ በነጠላ ተጠቅልሏል። በሩን ስከፍተው የቤንዚንና የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ፊቴን መታኝ። ባሏ ሥዕሎቿን በሙሉ ግቢ ውስጥ ከምሮ፣ ቤንዚን አርከፍክፎ ለኮሳቸው። ከመሃላቸው የኔ መልክ ያለበት ሸራ ከጫፉ መያያዝ ሲጀምር እጇን ሰደደች። እሱም ማጅራቷን በአንድ እጁ፣ ክንዷን በሌላው ይዞ እሳቱ ውስጥ አቆየው። «ከወደድሽው ያዢው!» ይላት ነበር። ጎረቤቶች አጥር ጥሰው ገብተው ነው ያላቀቋት። እሱ በጓሮ አመለጠ፤ እሷም «እዚህ ሆስፒታል ይመጣብኛል፣ ቡሌ ውሰዱኝ» አለች።

ጤና ጣቢያ ነጠላውን ሲያነሱት ቆዳዋ አብሮ ተነሳ። ትከሻዬን ነከሰችኝ፤ እስከ ደም። ትንሽ ቀለል ሲላት «ከሥዕሉ አፍንጫሽ ብቻ ነው የተረፈው» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ጩኸት ተለወጠ።

እኔ ጋ ተቀመጠች። ፖሊስ እየፈለገው ነው ተባለ። በገበያ ቀን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ የቤቴ በር በርግጫ ተገነጠለ። ገጀራ ይዟል።

«ሚስቴን አምጪ!»

«ውጣ ከቤቴ!»

«አንቺ ነሽ ያበላሸሻት። መጀመሪያ አንቺን ነው!»

እሷ ከኋላዬ ጥግ ላይ ነበረች። ገጀራውን ሲሰነዝር ጎንበስ አልኩ። የበሩን መቃን መታና እዚያው ተቀረቀረ። እሱ ለመንቀል ሲታገል እኔ ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን አነሳሁ። ክንዱን መታሁት፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። ትከሻውን ደገምኩት። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መታሁት። እጁን ወደ ፊቱ አንስቶ «በጌታ!» ሲለኝ ሰምቻለሁ፤ መታሁት። ፍርሃት አልነበረብኝም። ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን የመሰለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም፤ እንዲመለስም አልፈልግም።

«በቃ! ይሞታል! ሆዴ፣ ይሞታል!»

ዘነዘናውን በተቃጠለው እጇ ያዘችው። ቁስሏ ተከፈተና ደሟ በእንጨቱ ወርዶ ጣቶቼን አረጠባቸው። ያቆመኝ ያ ሙቀት ነው።

ጩኸት የሰሙ ሰዎች ደረሱና በቃጫ ገመድ አሰሩት። ፖሊስ እሱን ወደ ሕክምና፣ እኔን ወደ ጣቢያ ወሰደ። ምርመራው እስኪያልቅ እዚያ አደርኩ። በማግስቱ ከምግብ ጋር ካርቶን ገባልኝ። ፖሊሱ አንብቦ ነው የሰጠኝ፤ ሲሰጠኝ ፊቴን አላየም። ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋዷል።

«ለእስረኛዋ። ሆዴ፣ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ለተማሪዎችሽ እንዳታሳዪ። ቆጮውን የጋገረችው ጎረቤትሽ ናት፤ እኔ ብጋግረው ሌላ ወንጀል ይሆን ነበር። ስለመታሽው አላመሰግንሽም። እንደዚያ ሆነሽ ሳይሽ ከሱ እኩል ነው የፈራሁሽ። ግን በሩ ሲሰበር አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ ቀና ስል ጀርባሽን አየሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ፊትሽን ስሥል ጀርባሽን አንድ ቀን አልሣልኩትም። ነይልኝ።»

ጩኸቱን ሰምተው የደረሱት ሰዎች ስለ ተገነጠለው በርና ስለ ገጀራው መስክረውልኝ፣ ራሴን ስከላከል እንደነበር ታምኖ ተለቀቅኩ። ወደ ክፍል ስመለስ ተማሪዎቹ ከወትሮው በተለየ ጸጥ አሉ፤ ደስ አላለኝም። እሱ ዲላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። ክንዱ ድኗል። አንድ ቀን ይፈታል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናነሳውም።

የእሷ እጅ ግን ሁለት ጣቱ እንደታጠፈ ቀረ። ዲላን ለቃ ይርጋጨፌ ገባች። በግራ እጇ መሥራት ተማረች። መስመሯ ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኞቿ ሆን ብላ ያደረገችው ይመስላቸዋል፣ እሷም አታርማቸውም። ካርቶኖቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ሁለት መኪና ቀይረው።

ባለፈው የቡና ወቅት ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው ዱመርሶ ሄጄ ነበር። የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግንብ ላይ እሸት ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ትሥላለች። እኔ ከታች ቆሜ ቀለም አቀብላታለሁ። በድንገት ከኋላችን አንድ ወንድ «እገልሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና መወጣጫው ላይ ተኮራመተች። እኔ ዞርኩ። ሁለት ጫኞች ናቸው፤ አንዱ ጆንያ አንሸራቶ የሌላኛው እግር ላይ ጥሎበታል። ወዲያው ደግሞ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

«ጣይው» አለችኝ ከላይ።

«ምኑን?»

እጄን አየሁ። ድንጋይ ይዣለሁ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ልጥለው ብሞክር ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ወርዳ መጣችና አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ ድንጋዩን ከእጄ ወስዳ የቡና እጣቢ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ወረወረችው።

«ምሳ በልተናል እንዴ?» አለች።

«አልበላንም።»

«ይሄን ቀይ ልጨርስና እንበላለን፤ ይደርቅብኛል» ብላ ተመልሳ ወጣች።