ነጋ እስክላት ድረስ

ልጅ ያዥ ሆኜ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት መካነ ሰላም ውስጥ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ተላላኪ፣ ቀጥሎ ሠራተኛ። ምድጃና የልብስ እጥበት አይከብደኝም። አደራ ብሎ ልጁን ለብቻዬ የሰጠኝ ሰው ግን አልነበረም።

የቤቱ እመቤት ብርቱካን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ባሏ ይመር እህል ስለሚነግድ ብዙውን ቀን በየገበያው ነው የሚውለው። ልጃቸው ማህሌት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር፤ ማሂ ይሏታል። ብርቱካን ቦርሳዋን እንዳነገተች በር ላይ ቆማ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ሌላው ሁሉ እንደሚመችዎ። ስልክ ግን እንዳይሰጧት። ቴሌቪዥንም አይክፈቱላት። በፊት ትይዛት የነበረችው ልጅ ስልክ ካልከፈተችላት አትጎርስም ነበር። ይኸው እስካሁን አፏ አልተፈታም።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አታስቢ» አልኳት። እንዲህ ልበል እንጂ ፈርቼ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ማሂ መጮህ ጀመረች። እጇን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ትቀስራለች፤ ስልኩ ድሮ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። አዝዬ ዞርኩ፣ ዘፈንኩላት፣ አጨበጨብኩላት፤ ምንም አልረዳኝም። ጎረቤት ምን አድርጋት ነው ይላል ብዬ ፈራሁ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ደግሞ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ሲደክመኝ መሬት አስቀመጥኳትና ለምሳ ድንች ከጆንያ ወደ ሳፋ መልቀም ጀመርኩ። ጩኸቱ ቆመ። ዞር ስል አንድ ድንች በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ሳፋው ውስጥ ጣለችና ተመልሳ ሌላ አመጣች። ብርቱካን ለምሳ ስትመጣ ጆንያው ተጋምሶ፣ ሳሎኑ ድንች በድንች ሆኖ ነበር። ማሂም እጇ ጭቃ እንደሆነ ያለ ስልክ ጎረሰች።

የዚህን ሥራ ዋና ነገር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሥራ ከሰጡት አያስቸግርም። ጠዋት ካልሲ አጣምራለሁ፤ አንዱን ለሷ እሰጥና ጓደኛውን ፈልጊ እላታለሁ። ጎመን ስከትፍ የላዩን ቅጠል እሷ ትቦጫጭቃለች። የድሮ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ውሃ ነክሬ እሰጣታለሁ፤ የሲሚንቶውን ግድግዳ «ትቀባለች»፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እንደገና ትቀባለች። ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ስሜን መጥራት አቅቷት «ዛዛ» ስትለኝ ብርቱካን ከሥራ ስትመለስ ሰምታ አለቀሰች።

ስህተትም ሠርቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሽምብራ በጣሳ ሰጥቻት ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ስትገለብጥ ዝም አለች። ዝምታዋን ወድጄው ሽንኩርቴን እልጣለሁ። ቀና ስል አንዷን ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከትታታለች። ጤና ጣቢያ ድረስ አዝያት ስሮጥ ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላወቅሁም። ነርሷ በቀጭን መቆንጠጫ አወጣችላት። ለብርቱካን ማታ አልደበቅኋትም፤ እንደሆነው ነገርኳት።

«ስለነገሩኝ ነው ዛሬ እዚህ ቤት የሚያድሩት» አለችኝ። ቀልድ አስመስላ ብትናገረውም ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ከዚያ ወዲህ መለኪያ አበጀሁ። በሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ አፍ ማለፍ የሚችል ነገር ማሂ እጅ አይገባም።

ከዚያ ተኩስ የሚሰማበት ሰሞን መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ሄደ። ይመር ለገበያ በሄደበት ኩታበር ቀረ። ብርቱካን አንዳንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ትሄድና መመለሻው ይጠፋታል። እኔና ማሂ ብቻችንን ነን። ድም ባለ ቁጥር ልጅቷ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች፤ ማየት ትፈልጋለች። መስኮቱ ደግሞ መንገዱን ያያል።

ያን ጊዜ ድብብቆሽ ትዝ አለኝ። እኛ ስንጫወት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል፣ ተደባቂው «አልነጋም» ይላል፣ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ» ይላል። ለማሂ ገለበጥኩት። ድም ሲል ጓዳ ገብታ አልጋ ሥር ትደበቃለች። ድምፅ የለም፤ መልስ የለም። ስሟን ብጠራም አትመልስም። እኔ «ነጋ» ስላት ትወጣለች፣ እስማታለሁ።

መጀመሪያ እየሳቀች ትወጣ ነበር። ቀን በቀን ሠራንበት። ሳትንቀሳቀስ እንድትቆይ ሆን ብዬ ስሟን እየጠራሁ ፈተንኳት። በስተመጨረሻ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ድስት እስኪበስል ድረስ ኮሽ ሳትል መቆየት ቻለች። ኮራሁባት። ለብርቱካንም «ጓዳ እንገባለን፣ አታስቢ» አልኳት እንጂ ጨዋታውን በዝርዝር አልነገርኳት። ሽምብራውን የነገርኩ ሴት ይሄን አልነገርኩም። ልጇን ፍርሃት ማስተማሬን እንድታውቅ አልፈለግሁም።

ነገሩ ረገብ አለ። መንገድ ተከፈተ፣ ትምህርትም እንደ ድሮው ሆነ። ጥር ላይ ይመር ከከላላ ገበያ የገዛውን ጤፍ አስመጥቶ ጓዳ አስደረደረ። ተሸካሚዎቹ ሲወጡ የግቢውን በር ገርበብ አድርገውት ሄደዋል። ይህን ያየሁት በኋላ ነው።

ያን ቀን እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። ማሂን ሁለት ጣት ውሃ ባለው ሳፋ ላይ ኩባያ ስታጥብ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ነበር የተውኳት። ጎረቤት ቤት እየሠሩ ቆርቆሮ ከመኪና ያወርዳሉ፤ መሬት ላይ ሲጥሉት ይጮሃል። አንሶላውን ገመድ ላይ ዘርግቼ ዞር ስል ሳፋው ላይ ኩባያው ብቻ ይንሳፈፋል።

«ማሂ» አልኩ። መልስ የለም።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ውሃው በርሜል ነው። ክዳኑ ወርዷል፤ ቀድቼ ያልመለስኩት እኔው ነኝ። እጄን እስከ ብብቴ ነክሬ ታቹን ዳሰስኩ። ቁመቷ እንደማይደርስ የተረዳሁት ከነከርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ ሮጥኩ። ከዚያ ጓዳ ገባሁ፤ አልጋ ሥር አየሁ፤ የለችም። ከዚያ ነው የግቢውን በር ያየሁት።

ወደ መንገዱ ወጥቼ ጮህኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ገሚሱ ወደ መናኸሪያው፣ ገሚሱ ወደ ቦዩ ሄደ። ብርቱካን ለምሳ ስትመጣ ሰው በሯ ላይ ቆሞ አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። ቤት ገብታ ከክፍል ክፍል እየዞረች «ማሂ፣ ማሂዬ፣ እናትሽ ነኝ» ትላለች። ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን ምን አደረግሻት?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለችኝ።

አንድ ነገር ልናገር። ያን ጊዜ ወደ ከላላ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ አሰብኩ። ጥዬ ልጠፋ ነበር። እግሬ ያልተነሳው በጎነቴ ይዞኝ አይደለም፤ ስለከዳኝ ነው።

እዚያው እንደቆምን ጎረቤት ሌላ ቆርቆሮ ጣሉ። ሰውነቴ ብቻውን ሮጠ። ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ጓዳው ተራምጄ ተገኘሁ፤ በዚያ ሰሞን ድም ሲል እንደማደርገው። እዚያ ላይ ገባኝ፦ ቃሉን ሳልላት አትወጣም። ጓዳ ገብቼ «ነጋ» አልኩ።

ምንም የለም። አልጋ ሥርም የለችም። እንደገና ከፍ አድርጌ፣ «ማሂ፣ ነጋ» አልኩ።

ከጤፉ ጆንያ ኋላ ኮሽ አለ። ጆንያዎቹና ግድግዳው መካከል፣ ድመት እንጂ ሰው ይገባበታል የማይባል ክፍተት አለ። ላይኛው ጆንያ ወደ ውስጥ አዘንብሏል። ቀስ ብዬ ደገፍኩትና እጄን ሰደድኩ። ማሂ በጎኗ ወጣች። ሱሪዋ ረጥቧል። አንዱ መዳፏ አሁንም አፏ ላይ ነው። ከመዳፏ ሥር፣

«ዛዛ፣ ነጋ?» አለችኝ።

ብርቱካን ከኋላዬ ቆማ ነበር። ልጇን ነጥቃኝ አቀፈቻት። ጎረቤቱ ሲበተን፣ ማሂም ስትተኛ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

«ስጠራት ትሰማኝ ነበር?» አለች።

«ትሰማሽ ነበር፣ ልጄ።»

ያን ማታ ያባርሩኛል ብዬ ልብሴን በፌስታል አስሬ ነበር። ጠዋት ፌስታሉን አይታ «ይፍቱት» አለችኝ። «እኔንም ያስተምሩኝ፤ ይመርንም። ቃሉን እኛም እንወቀው።»

አስተማርኳቸው። ከዚያ ጨዋታውን መልሼ ወደ ድሮው ለወጥኩት፤ «ኩኩሉ» ስንላት «አልነጋም» ብላ እንድትመልስ። ለመመለስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ተናጋሪ ሆናለች። በር በኃይል ሲዘጋ ግን እጇ አሁንም ወደ አፏ ይሄዳል። ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ማስረሳቱን አልቻልኩበትም።

አሁን ጉልበቴ ስለደከመ ልጅ አልይዝም። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች ልጅ ያለ ስልክ በምን ይያዛል ብለው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ድንቹን፣ ካልሲውን፣ ብሩሹን እነግራቸዋለሁ። የሃይላንዱን አፍ አሳያቸዋለሁ። በመጨረሻ ይህን እላቸዋለሁ፦ ልጅ መደበቅ ካስተማራችሁ፣ የምትወጣበትን ቃል ለእናቷ የዚያኑ ቀን ንገሩ።