ሁለቱም ፖርቶች ላኪ የነበሩበት ቀን

እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ሲያሰናብቷት፣ ቤት ከምትተኛ ጸበሉ አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራይታ መጠመቅን መረጠች። ታላቅ ወንድሜ አብሯት ነበር፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ተራው ጋ ቆሜ ሳለ ወንድሜ ደወለ። "ደክማለች፣ አንቺን እየጠራች ነው። ቅዳሜን አትጠብቂ" አለኝ። "ነገ ሥራዬን እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሼ እመጣለሁ" አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ስድስት ሰዓት ያልኩት እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ጉርድ ሾላ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሁለተኛ ቢሮ ከፍቶ በሁለቱም ቦታ ትልልቅ የዲስክ ማሽኖች አቁሟል። እዚህ የሚጻፈው ሁሉ ወዲያው እዚያ ይገለበጣል፤ ይኼኛው ሕንጻ ቢቃጠል ግልባጩ ይተርፋል። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት "እንግዲያው ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለመጠራጠር ነው" ብላ ስቃብኛለች። እኔም ስቄ ነበር።

ረቡዕ የቀረን ፖርቶቹን ማስተካከል ብቻ ነበር። ፖርት ገመዱ የሚሰካበት አፍ ነው። በእያንዳንዱ መስመር የአንዱ ማሽን ፖርት ላኪ፣ የሌላው ተቀባይ ተብሎ መሰየም አለበት። ሁለቱም ላኪ ከሆኑ ገመዱ ደህና ነው፣ መብራቱም አረንጓዴ ነው፣ ግን አንዲት ፊደል አታልፍም። ፈረንሳይ ያለውን ማሽን የያዘው ለዓመታት አብሮኝ የሠራ፣ ቤታችን እየመጣ ከእናቴ እጅ የበላ ባልደረባዬ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቢሮውን ስልክ በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ወትፌ ጀመርን። "ዛሬ በስድስት ሰዓት ልቀቀኝ፣ እማዬ ጋ እወጣለሁ" አልኩት።

"ጌታ ይማርልሽ። ምን ስድስት ሰዓት፣ በአምስት ትጨርሻለሽ" አለኝ። እሱ ጴንጤ ነው፤ እናቴ ግን ትወደው ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ገመዶቹ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች እለጥፍ ነበር። አራት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መስመር ተያያዘ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተቋረጠ። ልክ በዚያን ጊዜ ሁለተኛውን መስመር እየነካካሁ ስለነበር ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

"በአንተ በኩል ተቀባይ ነው አይደል?"

"ነው። በአንቺ በኩል ፈትሺ።"

ፈተሽኩ። ገመድ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። የጻፍኩትን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ክፍሉ ለማሽኖቹ ሲባል እንደ ሐምሌ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ጣቶቼ ደነዘዙ። ለወንድሜ ብደውል አያነሳም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የእንጦጦ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ስድስት ሰዓት አለፈ።

"እማዬ እየጠበቀችኝ ነው" አልኩት ባልደረባዬን።

በስልኩ የወንበሩ ሲጥሲጥታ ብቻ ተሰማኝ።

"ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ። ሦስተኛውን ገመድ ሞክሪ።"

እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። የዚያን ቀን ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። አስር ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ አዲስ ነገር ሳላደርግ፣ መስመሩ ተያያዘ። ቦርሳዬን ሳነሳ "ዛሬ አትውጪ፣ ወንድምሽ ነገ በጠዋት መጥቶ ይወስድሻል" አለኝ። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ወንድሜን የት እንዳገኘው እንኳ ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤቶች፣ ከኋላቸው ባልደረባዬ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው ማንም ሳይናገር ገባኝ። "ትናንት አመሻሽ ላይ አረፈች" አለ ወንድሜ። እኔ የያዝኩት "አመሻሽ" የሚለውን ብቻ ነው። ፖርቱን ባላበላሽ፣ በስድስት ሰዓት ብወጣ፣ በሕይወት እደርስባት ነበር። ቀብሯ ላይ አንድም እንባ አልወጣኝም። አክስቴ "ምነው ይቺ ልጅ ድንጋይ ሆነች?" ስትል ሰምቻለሁ። እኔ እኮ አፈሩ ሲመለስ የፖርት ቁጥር ነበር የምቆጥረው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አለቃችን የግማሽ ቀን ሥራ ለምን ቀኑን ሙሉ እንደፈጀ ሪፖርት ጻፊ አለኝ። ፈረንሳይ ሄጄ የዚያኛውን ማሽን መዝገብ ከፈትኩ። ማሽኑ እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱና ከነሠሪው ይመዘግባል። በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ተቀባይ የነበረው ፖርት ላኪ ተደርጓል። አስር ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ወደ ተቀባይ ተመልሷል። ሁለቱም በባልደረባዬ ስም።

እሱ ከኋላዬ ቆሟል። የዚያን ቀን "ወንድምሽ መጥቶ ይወስድሻል" ያለኝ ትዝ አለኝ። "ወንድሜ ስንት ሰዓት መጣ?" አልኩት።

"አራት ሰዓት አካባቢ። በእግሩ ወርዶ። ብቻዋን ወጥታ ድንገት ለቅሶ መሃል እንዳትገባ ያዛት አለኝ። በምን እንደምይዝሽ ጨነቀኝ።"

ልቆጣው አልቻልኩም። በእኛ አገር መርዶ በቀን፣ በሥራ ቦታ አይነገርም፤ የሞተበት ሰው በሆነ ነገር ተይዞ ይውላል፣ ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ ይነገረዋል። እኔ ራሴ አንዲት ባልደረባችንን አባቷ ሞቶ "ስብሰባ አለ" ብዬ ቀኑን ሙሉ አስቀምጫታለሁ።

"መቼ ነው ያረፈችው?"

"ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። አመሻሽ ያልንሽ ቀኑን ሙሉ መደበቃችን እንዳያስቀይምሽ ብለን ነው።"

አርባ ቀን የተሸከምኩት ጥፋት የእኔ አልነበረም። ቅልል ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። ስድስት ሰዓት ብወጣም አልደርስም ነበር። የምደርሰው ማክሰኞ፣ ወንድሜ እንደደወለ፣ ከታክሲ ተራው ቀጥታ ወደ ላይ ብወጣ ነበር። ማክሰኞን አንድም ቀን አላሰብኩትም፤ ፖርቱ ጋርዶልኝ ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። "የዘገየው በፖርት አቅጣጫ ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።" ባልደረባዬ ከኋላዬ ሆኖ አነበበው።

"ይሄ እውነት አይደለም" አለኝ።

"ነው" አልኩትና ፈረምኩ።