ለፎቶ የቆመው በረኛ

ጎንደር፣ ዛሬ ጠዋት። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በስልኬ አነሳኋቸው፤ አንዱም ዞር ብሎ አላየኝም። ውርጭ የመታው ሣር ሲሸተኝ ግን ልጅነቴ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ትዝ አለኝ።

በታኅሣሥ ብርድ፣ ገብስ በታጨደበት ማሳ ላይ ሰፈራችን ከላይኛው ሰፈር ጋር ገጥሟል። እኔ የአባቴን ካሜራ ይዤ ጎሉ አጠገብ ቆሜያለሁ። በረኛው ወንድሜ ካሜራውን ሲያይ ጋቢውን አስተካክሎ ቀጥ አለ። እኔ ሳነሳው ኳሷ በጎኑ አልፋ ገባች።

ዳኛው አያ ታከለ ፊሽካቸውን ነፉ። «ፎቶ ሊነሳ በቆመ ሰው ላይ ጎል ይገባል? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ምነው አያ፣ ማን ቁም አለው?» ብለው ላይኞቹ ጮኹ።

ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ወንድሜ አውርዶ፣ «ሸጋ አልነበርኩም?» እያለ ያሳያል፤ ኳሷን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።